ትልቅ ጎማ ስንት ነፋስ ይፈልጋል?

ለፒክአፔ ትልልቅ ጎማ ያስገጠምኩ ዕለት ጎሚስታው ሳልጠይቀው አራቱንም 65 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሞላቸው። «ምነው አበዛኸው?» ስለው የጎማውን ጎን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ 80 ይላል፤ እኔማ ቀንሼልዎት ነው» አለኝ። በማግስቱ አክስቴን አሳፍሬ ከአዳማ በዴራ በኩል ወደ ኢተያ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ በተገኘ ቁጥር የመኪናዋ ኋላ ብድግ ይላል፤ ጥምዝ ላይ ስትደርስ ወደ ጎን ሸርተት ትላለች። አክስቴ የበሩን መያዣ ጨብጠው ብዙ ታገሡና «ልጄ፣ መኪናዋን ሸጠህ በቅሎ የገዛኸው መቼ ነው?» አሉኝ።

ጎሚስታው አልዋሸኝም፤ ጎማው ላይ በእርግጥ 80 ተጽፏል። ያ ቁጥር ግን «ይህን ያህል ሙላ» የሚል ትእዛዝ አይደለም። ጎማው የመጨረሻ አቅሙን፣ የእኔው 1,450 ኪሎ ግራም፣ እንዲሸከም ሲፈለግ የሚያስፈልገው ነፋስ ነው። ባዶዋ ፒክአፕ ከኋላ በአንድ ጎማ ላይ የምታሳርፈው ክብደት የዚህን ሲሶ እንኳ አይሞላም። የነፋሱን መጠን የሚወስነው የጎማው ግዝፈት ሳይሆን የሚሸከመው ክብደት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ክብደት አውቆ ወደ ቁጥር የመለወጥ ሥራ ነው፤ አንድ ጠዋትና የአንድ ምድር ሚዛን ክፍያ ይበቃዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት የራሳችሁን የነፋስ መለኪያ ግዙ። የጎሚስታ ቤት መለኪያ ቀኑን ሙሉ አቧራ ላይ ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል፤ በአንድ ጎማ ላይ ሦስት ቤት ሦስት የተለያየ ቁጥር የተነበበልኝ ጊዜ አለ። የእናንተው መለኪያ ሁለት ፒኤስአይ ቢሳሳት እንኳ ሁልጊዜ እኩል እስከተሳሳተ ድረስ ከእርሱ ጋር ትግባባላችሁ። ጠመኔና ትንሽ ማስታወሻ ደብተርም ያዙ። አንዳንድ ኮምፕሬሰር በባር ስለሚያነብ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ፣ 2.5 ባር ደግሞ 36 ፒኤስአይ መሆኑን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

1. የበሩን ቁጥር አንብቡ

የሾፌሩን በር ስትከፍቱ በሩ ጠርዝ ላይ ወይም ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ፋብሪካው ለመጀመሪያው የጎማ ልክ ያዘዘው ነፋስ እዚያ ላይ በባዶና በጭነት ተለይቶ ይገኛል። በእኔዋ ላይ ባዶዋን ለፊትም ለኋላም 29፣ ጭነት ስትይዝ ለኋላ 36 ይላል። ያገለገለ መኪና ከሆነ ወረቀቱ ቀለም ተቀብቶበት ሊሆን ይችላል፤ በጥፍር መፋቅ ሳይሆን የመኪናውን ማኑዋል መፈለግ ይሻላል። ልኩንም አብራችሁ መዝግቡ፤ ለምሳሌ 265/65አር17።

ይህ ቁጥር ለአዲሱ ጎማ የመጨረሻ መልስ ባይሆንም አይጠፋም። አስፋልት ላይ ከዚህ በታች አንወርድም።

2. የጎማውን ጎን አንብቡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ከልኩ በፊት «ኤልቲ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መኖር አለመኖራቸውን ተመልከቱ። ካሉ ጎማው ለቀላል የጭነት መኪና የተሠራ፣ ጎኑ ወፍራም ነው። ከሌሉ ግን ምንም ትልቅና ጥርሱ አስፈሪ ቢሆን የተለመደው ዓይነት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ክብደት ለመሸከም የሚፈልጉት ነፋስ የተለያየ ነው።

ከልኩ ቀጥሎ የጭነት ቁጥሩ ይመጣል። 112 ማለት 1,120 ኪሎ ግራም፣ 115 ማለት 1,215፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ ግራም በአንድ ጎማ ነው። ኤልቲ ጎማ ላይ 121/118 ተብሎ ሁለት ቁጥር ከተጻፈ ሁለተኛው ኋላ ጥንድ ጎማ ለሚያስሩ መኪኖች ነው፤ ለፒክአፕ የመጀመሪያውን ውሰዱ። ከጎኑ ያለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያው ነው፤ ኪው 160፣ ኤስ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ቀጥሎ የጭነቱ ቁጥር የተሰጠው በስንት ነፋስ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤልቲ ጎማ ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ 6 ፕላይ የሚባለው በ50፣ 8 ፕላይ በ65፣ 10 ፕላይ በ80 ፒኤስአይ። ባለ 10 ፕላይ ጎማ ዛሬ ዐሥር ድርብ ጨርቅ ውስጡ የለም፤ ስሙ ከድሮ የቀረ የጥንካሬ መለኪያ ነው። የተለመደው ዓይነት ጎማ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ጎኑ ላይ 44 ወይም 51 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ መታለፍ የሌለበት ጣሪያ እንጂ ጭነቱ የተለካበት ነፋስ አይደለም። የተለመደው ጎማ የሚለካው በ35 ወይም በ36፣ ተጨማሪ ጭነት እንዲይዝ የተጠናከረው ደግሞ በ42 አካባቢ ነው።

ጎማው ላይ ጎንበስ እንዳላችሁ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት ቁጥሮችም እዩ። 2319 ቢል በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ፣ ጎኑ ግን በፀሐይ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ ላይ ይህን ሁሉ ሒሳብ መሥራት ድካም ነው፤ ቀይሩት።

ጎማችሁ ኤልቲ ካልሆነና የጭነት ቁጥሩ ከድሮው እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፦ የበሩን ቁጥር እንዳለ ያዙና ወደ ጠመኔው ፈተና እለፉ። ኤልቲ ከሆነ ግን ያው የበሩ 29 ያንሰዋል። ወፍራም ጎን ያለው ጎማ ጠንካራ ስለሚመስል አነስ ባለ ነፋስም የሚችል ይመስለናል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ያው ክብደት ሲጫንበት የበለጠ ነፋስ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ጎኑ በእጥፋት ብዛት ከውስጥ ይግላል፤ ሙቀቱም በዓይን አይታይም።

3. መኪናዋን አስመዝኑ

ማለዳ ነዳጅ ሞልታችሁ ወደ ምድር ሚዛን ሂዱ። ሚዛን ተቆጣጣሪውን ሦስት ጊዜ እንዲመዝንላችሁ ጠይቁት፦ መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ ብቻ ሚዛኑ ላይ ሆነው፣ ቀጥሎ ሙሉዋን፣ በመጨረሻ የኋላዎቹ ብቻ። የፊትና የኋላው ድምር ከሙሉው ጋር ካልተቀራረበ ድገሙት። ያለ ጭነት መመዘኗ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁም አስመዝኑ።

የእኔዋ እኔው ተቀምጬባት ባዶዋን ፊቷ 1,140፣ ኋላዋ 860 ኪሎ ግራም ሆነች። 8 ኩንታል ጤፍ ሲጫንባት ፊቷ 1,180፣ ኋላዋ 1,620 ደረሰች። ልብ በሉ፤ ከ800ው ኪሎ 760ው የሄደው ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ አራቱንም ጎማ እኩል ሞልቶ መጫን አንድም ፊቱን ማጠንከር፣ አንድም ኋላውን ማስራብ ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሣ። ትልቅ ጎማ የመኪናዋን የመጫን አቅም አይጨምርም። ባሌስትራው፣ ፍሬኑና አክሱ የድሮዎቹ ናቸው። «ጎማው 1,450 ይችላል፣ አራት ጊዜ ሲባዛ…» ብሎ 20 ኩንታል የሚያስብ ሰው አጋጥሞኛል።

4. ሒሳቡ

የአንዱን ጎማ ክብደት ለማግኘት የፊቱንም የኋላውንም ለሁለት አካፍሉ። ከዚያ ጎማው የተለካበትን ነፋስ በዚህ ክብደት አባዙና ለጎማው ከፍተኛ ጭነት አካፍሉ።

የፊቱ በጭነት 590 ኪሎ ነው፤ 80 ሲባዛ በ590፣ ሲካፈል ለ1,450፣ ወደ 33 ይመጣል። የኋላው በጭነት 810 ኪሎ ነው፤ ውጤቱ 45። የኋላው ባዶውን 430 ኪሎ ነው፤ ውጤቱ 24።

ይህ ስሌት ሸካራ ነው፤ የሚሳሳተው ግን ወደ ደኅናው ጎን ነው። የጎማ የመሸከም አቅም ነፋስ ሲቀንስ በዚያው ልክ አይወርድም፤ ነፋሱን በግማሽ ብትቀንሱት አቅሙ ከግማሽ በላይ ይተርፋል። ስለዚህ ስሌቱ የሚሰጣችሁ ነፋስ በቂ ነው ወይም ትንሽ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ቢሆንም ያ 24 አስፋልት ላይ አይነዳም። ጎማው ጥምዝ ላይ ይዋዥቃል፤ አንድ ጉድጓድ ብትስቱ ቸርኬው ይጎብጣል። የኤልቲ ጎማዎች የጭነት ሠንጠረዥ የሚጀምረው ከ35 ስለሆነ እኔም ለአስፋልት የመጨረሻ ወለል ያደረግሁት 35ን ነው። በዚህ መሠረት መነሻዬ ፊት 35፣ ኋላ ባዶውን 35፣ በ8 ኩንታል 45 ሆነ። መካከሉንም አስልቼ በሩ ላይ በማርከር ጽፌዋለሁ፦ እስከ 4 ኩንታል 35 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ኩንታል 2 ተኩል ያህል መጨመር ነው። የእናንተ መኪናና ጎማ ሌላ ከሆነ ቁጥሩም ሌላ ይሆናል፤ የእኔን አትገልብጡ።

5. በቀዝቃዛው ለኩ

ሁሉም ቁጥር የሚያወራው ስለ ቀዝቃዛ ጎማ ነው፤ ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ፣ ፀሐይ ያልመታው። አዳማ ላይ ይህ ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ነው። ከረፈደ ግቢ ውስጥ በቆመች መኪና ላይ እንኳ ፀሐይ የመታው ጎን ከጥላው ጎን በልጦ ይነበባል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ነፋሱ በ1.5 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል።

ቤታችሁ ኮምፕሬሰር ከሌለ ጎሚስታ ቤት እስክትደርሱ ጎማው ይሞቃል። መላው ቀላል ነው፦ ጠዋት ቤት ለኩና የጎደለውን ብቻ ጻፉ። 35 መሆን ሲገባው 30 ከተነበበ 5 ይጎድላል። ጎሚስታው ጋ ስትደርሱ ያው ጎማ 33 ቢል 38 አስሞሉት፤ ማታ ሲቀዘቅዝ 35 ይሆናል። የጋለ ጎማ ከፍ ብሎ ሲነበብ ደንግጦ ነፋስ ማስወጣት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። በነጋታው ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

ናይትሮጅን እንሙላላችሁ የሚሏችሁ ካሉ፣ የምንተነፍሰው አየርም 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ገንዘቡን ለመለኪያው አውሉት።

6. የጠመኔ ፈተና

ቁጥሩን ያገኘነው በወረቀት ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው መንገዱ ነው። ሜዳ የሆነ፣ ደረቅ፣ አቧራ የሌለበት አስፋልት ፈልጉ። እኔ የሠራሁት እሑድ ማለዳ፣ ባጃጆቹ ሳይወጡ ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ከሌሊቱ ጠርጎት ነበር።

በእያንዳንዱ ጎማ ጥርስ ላይ ከውጭው ጠርዝ እስከ ውስጠኛው ድረስ የአራት ጣት ስፋት ያለው መስመር በጠመኔ ወፈር አድርጋችሁ አስምሩ። ጥርሱ ሰፊና ሻካራ ስለሆነ ጠመኔው ይሰባበራል፤ ሁለት ሦስት ያዙ። ከዚያ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ 50 ሜትር ያህል ንዱ፤ ፍሬን አትርገጡ፤ በራሷ ትቁም። ወርዳችሁ ተመልከቱ።

ጠመኔው መካከሉ ላይ ጠፍቶ ሁለቱ ጠርዞች ላይ ነጭ ሆኖ ከቀረ ጎማው አብጧል፤ ነፋስ በዝቶበታል። ጠርዞቹ ጠፍተው መካከሉ ነጭ ከሆነ ጎድሎታል። ከዳር እስከ ዳር እኩል ከደበዘዘ አግኝታችሁታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከጠፋ ጉዳዩ የነፋስ ሳይሆን የጎማ አሰላለፍ ነው።

የእኔ የፊት ጎማዎች 35 ላይ መካከላቸው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ቀረ። ጥቂት ጨምሬ፣ ዳግም አስምሬ፣ ዳግም ነዳሁ፤ 37 ላይ እኩል ደበዘዘ። የኋላዎቹ ባዶውን 35 ላይ የመካከሉ ብቻ ጠፋ፤ ጠመኔው ከዚያም ዝቅ በል እያለኝ ነው። አልሰማሁትም። አልፎ አልፎ መካከሉ ቢበላ ይሻላል ብዬ በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛውራለሁ። በዚያው 65 ላይ እያለሁ ፈትኜ ቢሆን ኖሮ አስፋልቱን የሚነካው ከመካከሉ አንድ መዳፍ የማይሞላ ቦታ እንደነበር አልጠራጠርም። የአክስቴ በቅሎ እርሷ ነበረች።

7. ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ዳግም ለኩ

ጭነት ይዛችሁ ማለዳ በቀዝቃዛው ለክታችሁ ውጡ። ለአንድ ሰዓት ያህል በመደበኛ ፍጥነት ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና ወዲያውኑ ለኩ። ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ከጨመረ ደኅና ነው። 8 ወይም 10 ከጨመረ ጎማው ከመጠን በላይ እየታጠፈ ነው፤ ወይ ነፋስ አንሶታል፣ ወይ ጭነት በዝቶበታል፣ ወይ ፍጥነቱ ከብዶታል። ቆሞ ሲቀዘቅዝ ነፋስ ጨምሩለት። ጭማሪው 1 ወይም 2 ብቻ ከሆነ ደግሞ ከልኩ በላይ ተሞልቶ ይሆናል። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ አንድ ጎማ ብቻ ከጋለ ፍሬኑን አስፈትሹ፤ ይዞ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ የራሱን ያደርጋል። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ወደ 700 ሜትር ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ ሙቀት ባይቀየር ንባቡ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ወደ መተሐራ ስትወርዱ ሌላ 1 ይቀንሳል። ወደ አሰላ ስትወጡ ተቃራኒው ነው፤ ግን እዚያ ብርዱ መልሶ ይቀንሰዋል። ሁለቱ እየተጣፉ ስለሚሄዱ በየከተማው መሙላት አያስፈልግም። አዲስ አበባ አስሞልታችሁ አዳማ የምትኖሩ ከሆነ ግን አዳማ አንድ ሌሊት ካደረች በኋላ ጠዋት ዳግም ለኩ።

8. መንገዱ ሲለወጥ

በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የምትወጡ ከሆነ ያገኛችሁት ቁጥር ላይ 2 ወይም 3 ጨምሩ፤ ረጅም ፍጥነት ሙቀት ነው። ሌላም ነገር አለ። ጎማውን ከ265/65አር17 ወደ 285/70አር17 ከቀየራችሁ ቁመቱ ከ776 ወደ 831 ሚሊ ሜትር፣ 7 በመቶ ያህል አድጓል። የፍጥነት ቆጣሪው ቀድሞ ትክክል ከነበረ አሁን 112 ሲላችሁ 120 ላይ ናችሁ። ትራፊክ ፖሊሱ ይህን ምክንያት ከዚህ ቀደም ሰምቶታል።

ኮረኮንች ላይ ባዶዋን 28 ወይም 30 ማድረግ መንገጫገጩን ያቀልላል፤ ስለታም ድንጋይም ጥርሱን በቀላሉ አይበሳውም። ነገር ግን ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ። ሙሉ ጭነት ካለ ከስሌቱ ብዙ አትውረዱ።

አሸዋ ላይ፣ ለምሳሌ አዋሽ ወንዝ ዳር ወርዳችሁ ከሆነ፣ ከመቀርቀራችሁ በፊት 18 ወይም 20 አድርጉት። ጎማው ይረዝምና እንደ ግመል ኮቴ ይዘረጋል። ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ንዱ፤ መሪ በኃይል አትጠምዝዙ። ከ15 በታች ከወረደ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። የአርሲ መረሬ አፈር በነሐሴ ሲረጥብ ነፋስ መቀነሱ ጥቂት ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣችሁ ሰንሰለት ወይም የሰፈሩ ልጆች ናቸው።

አስፋልት ስትደርሱ ሳትሞሉ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በፍጥነት አትንዱ። ለዚህ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። ለትልቅ ጎማ የምትገዙትን ከሲጋራ መለኮሻው ሳይሆን ከባትሪው ተርሚናል ጋር በቀጥታ የሚያያዘውን ምረጡ፤ ሌላው ፊውዝ ያቃጥላል። ሞተሯን አስነሥታችሁ ሙሉ፤ አራቱን ከ20 ወደ 35 ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ሊወስድ ይችላል። ኮምፕሬሰሩም ሁለት ጎማ ከሞላ በኋላ ይረፍ።

ትርፍ ጎማውን ከሥር አውርዳችሁ ለኩት፤ አብዛኛው ሰው ከተገዛ ጀምሮ አላየውም። ልኩ ከአራቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ነፋሱን በጭነት ከሚያስፈልገው ትልቁ ቁጥር፣ በእኔ ሒሳብ 45፣ ላይ አስቀምጡት። መንገድ ዳር ላይ ማስወጣት ሰላሳ ሰኮንድ ነው፤ መሙላት ግን ከወለንጪቲ ወዲያ ጎሚስታ ፍለጋ ነው።